ሙት ጥፍር የለውም

«ሳዋኮ ደግሞ የት ትሄዳለች? የጎረቤት ድመት እንኳ ከሷ የተሻለ አገር አይታለች» አለ ዮሺኖቡ፤ በቀልዱም ራሱ ሳቀበት። ሳዋኮ ይህን የሰማችው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆማ እጇን በፎጣ እያደረቀች ነው። ወጥ ቤቱንና መታጠቢያውን የሚለያቸው ስስ ጣውላ ነው፤ በዚያ ቤት ሹክሹክታ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። ታች ያለው ሲያስል ፎቅ ያለው ይሰማዋል፤ ፎቅ ያለው ሲገላበጥ ታች ያለው ይነቃል። እናታቸው ፉሚኤ ለልጃቸው ቀልድ መልስ አልሰጡም። በጨው የታሸውን ፍጁል የሚቆርጡበት ቢላዋ ብቻ መክተፊያውን ቀ፣ ቀ፣ ቀ ያደርጋል። ሳዋኮ ፎጣውን እንደያዘች ጠበቀች። እናቷ «እህትህን እንዲህ አትበላት» እንዲሉ፣ ያ ቢቀር እንኳ ቢላዋውን ጠንከር አድርገው እንዲያሳርፉት ጠበቀች። ቢላዋው ቆመ። «ሻይ ልጨምርልህ?» አሉ እናቷ።

ወንድማቸው ቴትሱሮ ከሞተ አርባ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። በእምነታቸው እስከዚያ ቀን ድረስ የሞተ ሰው ከቤቱ ጣሪያ ሥር አይርቅም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ይሄዳል፤ ሄዶም አይመለስም። ጠዋት መነኩሴው መጥተው ጸሎታቸውን አድርሰዋል፤ የተቃጠለው አስከሬን አመድ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከአባቱ መቃብር ገብቷል፤ ዘመድ አዝማዱም በሳጥን የታዘዘውን ምሳ በልቶ፣ ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ባቡር ዋጋ አውርቶ ተበትኗል። የቀረው ዮሺኖቡ ብቻ ነው። ዮሺኖቡ የበኩር ልጅ ነው፤ ከወጣ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ናጎያ ውስጥ የቤት ማሞቂያ ያከፋፍላል። ፈቃድ ያገኘው ለአንዲት ዓርብ ብቻ ስለሆነ የሟቹን ዕቃ ገምቶ የሚገዛውንም ሰው ለዚያችው ቀን ቀጥሮታል። «ሁሉንም በአንድ ቀን እንገላገል» አለ፤ የወንድሙን ቀብርና የወንድሙን ዕቃ ማለቱ ነው። ጥቁር ክራቫቱን አውልቆ ኮት ኪሱ ውስጥ ከቶታል፤ ጫፉ እንደ ምላስ ወጥቶ ይታያል።

ዕቃው ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ ቴትሱሮ ከሃያ ዓመት በላይ ሳይወጣ በኖረባት፣ ስድስት ሰሌን በምትነጠፍባት ክፍል ውስጥ። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ የመኪና ውድድር ጨዋታ ነው። ጦርነት የለም፣ ኳስ የለም፣ ልዕልት የሚያድን የለም። በልጅነቱ የተጫወተባቸው ካሴቶች አሉ፤ ከነሱ በኋላ የመጡት ዲስኮች አሉ፤ የሠራቸው ድርጅት ከተዘጋ ብዙ ጊዜ የሆናቸውና ስማቸውን ከጥቂት ሰው በቀር የማያውቃቸው አሉ። መስኮቱ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኗል። ፀሐይ የካርቶን ጠላት ናት ይል ነበር ቴትሱሮ፤ ቀይ ቀለም ቀድሞ ይሞታል፣ ሰማያዊው ብቻውን ይቀራል። ጠረጴዛው ላይ የመኪና መሪ ተጠምዷል፤ ቆዳው በሁለት ቦታ፣ እጆቹ በሚያርፉበት በኩል፣ ተልጦ ነጥቷል። ቴትሱሮ መንጃ ፈቃድ አልነበረውም። ግን በዓለም ላይ ያለ የውድድር መንገድ ሁሉ የት ጋ እንደሚጠመዘዝ ዓይኑን ጨፍኖ ይናገር ነበር። ኑሮውንም ያገኝ የነበረው ከዚያው ነው፤ በፖስታ ይገዛል፣ በፖስታ ይሸጣል። በየወሩ ለእናቱ የሚሰጠውን ገንዘብ ደረጃው ላይ ያስቀምጣል፤ ሳዋኮም ምግቡን እዚያው ደረጃ ላይ ታስቀምጥለታለች። ሰፈሩ «ያ ልጅ ከቤት አይወጣም» እያለ አርባ ስድስት ዓመት እስኪሆነው አወራበት። ከሱ በሁለት ዓመት የምትበልጠው እህቱም እንደማትወጣ ልብ ያለ ሰው ግን አልነበረም፤ ምክንያቱም እሷ በየቀኑ ወጥታ፣ ዓሣና ቶፉ ገዝታ፣ የእናቷን የጉልበት መድኃኒት ይዛ ትመለሳለች።

አንዳንድ ምሽት ሳህኑን ልታነሳ ስትሄድ ቴትሱሮ በሩን ገርበብ አድርጎ «ግቢ፤ እጅሽን ግን ታጠቢ» ይላታል። ዲስክን በጠርዙ መያዝን፣ የመመሪያውን መጽሐፍ ጀርባውን ሳይሰብሩ መግለጥን አስተማራት። በሳጥኑ ጎን የምትታሰረውን ቀጭን ወረቀትም አሳያት፤ ሰብሳቢዎቹ መቀነት ይሏታል። ሰው ሁሉ ሳጥኑን የከፈተ ዕለት ቀድዶ ስለሚጥላት፣ አንዳንዴ ከዲስኩ ይልቅ እሷ ትወደዳለች። አንድ ቀን ከመደርደሪያው ጥግ በመሐረብ የተጠቀለለ ሳጥን አወጣ። «ሃያቴ ሪንግ» ይላል፤ ቀዩ ቀለም እንደ ትኩስ ቁስል ያበራል፤ ፋብሪካው ያለበሰው ስስ ላስቲክ እንኳ አልተነካም። ጨዋታውን ያሳተመው ድርጅት ሱቅ ባስገባው በወሩ ከሰረ። ቴትሱሮ ያኔ ገና ከቤት የሚወጣ ወጣት ነበር፤ ጣቢያው ፊት ለፊት የነበረው የመጫወቻ ሱቅ ሲዘጋ የቀሩትን ሁለት ፍሬ በርካሽ ገዛቸው። አንዱን ዲስኩ እስኪጫር ተጫወተበት። ሁለተኛውን አልነካውም።

«ይሄ የኔ አይደለም» አላት። «እኔ ጠባቂው ነኝ፤ ያንቺ ነው። እኔስ እዚህ የተቀመጥኩት በራሴ ነው። አንቺ ምን አድርገሽ ነው ከኛ ጋር የታሰርሽው? አንድ ቀን ሽጪውና ውጪ።»

«ወጥቼ የት ልሂድ?»

«እኔን ነው እንዴ የምትጠይቂው?» አለ፤ ሁለቱም እስኪበቃቸው ሳቁ። እናታቸው ከታች «ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰላቸውም።

አሁን መሄጃ አላት። ከባሕሩ ማዶ፣ ማትሱያማ ውስጥ፣ አንድ ሆስፒታል ለወጥ ቤቱ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ መኝታ ክፍልም ይሰጣል። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ መስኮቷ ግን ወደ ወደቡ ያሳያል ብለዋታል። ዛሬ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ደውላ እሺ ካላለች ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል። የሚይዛት የእናቷ ነገር ነው። ወንዙ ዳር አንድ የአረጋውያን መኖሪያ አለ፤ የወሩን ክፍያ የእናቷ ጡረታ ይችለዋል፣ መግቢያው ግን በአንድ ጊዜ የሚከፈል ስድስት መቶ ሺህ የን ነው። ዮሺኖቡ በስልክ «እኔ ሁለት ልጅ አስተምራለሁ። ከዕቃው ከተገኘ እማ ትግባ፤ ካልተገኘ እንደ ድሮው ነው» ብሎ ዘጋው። ገማቹ ግን የሃያቴ ሪንግን ፎቶ አይቶ፣ ላስቲኩ በእርግጥ ካልተነካ ስምንት መቶ ሺህ እከፍላለሁ አለ። ከሦስት ቀን በፊት፣ እራት ላይ፣ ሳዋኮ ሁሉንም ለእናቷ ነገረቻቸው፤ ማትሱያማን፣ ወንዝ ዳሩን፣ መሐረብ ውስጥ ያለውን ሳጥን። እናቷ የሚበሉባቸውን ቀጫጭን እንጨቶች አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ «ወንዝ ዳር እርጥበት አለው» አሉና የመታጠቢያው ውሃ ሞቆ እንደሆነ ጠየቁ። በማግስቱም ጠዋት፣ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ ሦስት መስፈሪያ ሩዝ አጠቡ። የሦስተኛው ሰው ድርሻ ማታ ደርቆ ይጣላል።

ትናንት ማታ ሳዋኮ ሳጥኑን ከመሐረቡ አውጥታ መሠዊያው ላይ አኖረችው። በዚያ ቤት የመጣ ትልቅ ነገር፣ የሚሄድም ትልቅ ነገር፣ የፈተና ውጤት ይሁን የመጀመሪያ ደመወዝ፣ መጀመሪያ ለሞቱት ይታያል። ነጭ ጨርቅ በለበሰው መሠዊያ ላይ የቴትሱሮ ፎቶ አለ፤ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ የሚታየው ከዚያ ወዲህ ፎቶ ስላልተነሳ ነው። ከፊቱ ትንሽ የሩዝ ሳህን፣ ሁለት መንደሪን፣ ደግሞም አክስታቸው በመጀመሪያው ሳምንት ከኪዮቶ የላኩት ዮካን፣ ያ ከቀይ ባቄላ የሚሠራው ድርቅ ያለ ጣፋጭ፣ ሐምራዊ ወረቀቱን እንደለበሰ ተቀምጧል። ሳዋኮ ሳጥኑን ከዮካኑ አጠገብ አደረገችው። «ነገ እሸጠዋለሁ፤ እንዳልከኝ» አለችው። ዛሬ ጠዋት መነኩሴው ሲጸልዩ እዚያው ነበር፤ ላስቲኩ የሻማውን ብርሃን እየመለሰ ዓይኗን ይወጋት ነበር።

ገማቹ ኩዋባራ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ኒፖንባሺ ውስጥ፣ አሮጌ ጨዋታ ከሚሸጥባቸው ሱቆች በአንዱ የሚሠራ፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ጫማውን አውልቆ ሲገባ ካልሲው አዲስ መሆኑን ሳዋኮ አስተዋለች፤ ለሐዘን ቤት ብሎ ለብሶት ይሆናል። «በቅድሚያ ለሟቹ እጅ ልንሳ» አለ።

«ሙት አይቸኩልም፤ እኔ ግን ባቡር አለብኝ» አለው ዮሺኖቡ። «ፎቁን እንጨርስና ስትወርድ ትሳለመዋለህ።» ክንዱን ይዞ ወደ ደረጃው መራው። እናታቸው ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆነው ለእንግዳው ዝቅ አሉ። እሳቸው ፎቅ መውጣት ካቆሙ ብዙ ዓመት ነው፤ ጉልበታቸው እምቢ ብሏል።

ኩዋባራ ነጭ ጓንት አጠለቀ። ሳጥን ያነሳል፤ አራቱን ማዕዘን በትንሽ ባትሪ ያያል፤ ጀርባው ቀለሙ ለቆ እንደሆነ ወደ ብርሃን ያዘነብለዋል፤ ከፍቶ ያሸታል፤ ዋጋ ይናገራል። ይህ ሦስት መቶ የን፣ ያ አራት ሺህ፣ ይህኛው መመሪያው ስለጎደለ አምስት መቶ፣ ያኛው ምንም። ዮሺኖቡ ማሽተቱን ሲያይ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ምኑን ነው የምታሸተው ወንድሜ? ውሻ ነህ?»

«ሲጋራ ካለበት ዋጋው ይወርዳል ጌታዬ። ወንድምዎ አያጨሱም ነበር። እዚህ ክፍል የሚሸተኝ የካሪ ወጥ ነው።»

«የሷ ካሪ ነው» አለ ዮሺኖቡ ወደ ሳዋኮ እየጠቆመ። «ለሱስ ትጨምራለህ ወይስ ትቀንሳለህ?»

ከታችኛው መደርደሪያ የወጡት ካሴቶች ጀርባ ላይ በወፍራም ጥቁር ቀለም «ቴትሱ» ተብሎ ተጽፏል፤ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ጽሕፈት ነው። ያኔ ልጆች ካሴት ይዋዋሱ ስለነበር፣ እንዳይጠፋ ብላ ስም የማታስጽፍ እናት አልነበረችም። ኩዋባራ እነዚያን ለብቻቸው ከመራቸው። «ስም ያለበትን ሰብሳቢ አይነካውም» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «በአልኮል የሚያስለቅቁ አሉ። እኔ እንኳ አላደርገውም።» ወደ ሳዋኮ ዞረ። «ወንድምዎን በዓይን አላውቃቸውም። በፖስታ ግን ብዙ ዓመት ተገበያይተናል። የሳቸው ጥቅል ሲመጣ መቀስ አልፈልግም ነበር፤ የማጣበቂያውን ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ያጥፉት ነበር፣ የሚከፍተው ሰው እንዳይቸገር።» ሳዋኮ ሲያጥፍ አይታዋለች፤ የሚያጥፍባቸው ጣቶቹ ዓይኗ ላይ ድቅን አሉባት፤ ፊቷን ወደ መጋረጃው አዞረች።

ለክፍሉ በሙሉ መቶ ሠላሳ ሺህ አለ ኩዋባራ። ዮሺኖቡ አፉን አጣመመ። «ያቺ ውዷስ?»

«በስልክ ያልኩት ነው። ስምንት መቶ ሺህ።»

«ስምንት መቶ ሺህ የን! ላልተከፈተ መጫወቻ!» ዮሺኖቡ በተረከዙ ወለሉን ደበደበው። «እማ! ሰማሽ? ሻንጣሽን አዘጋጂ፣ ወንዝ ዳር ልትገቢ ነው!»

ሳዋኮ መጋረጃውን በትንሹ ገለጥ አደረገችው፤ የጎረቤቱ ግድግዳ፣ የጎረቤቱ የተሰጣ ካልሲ፣ ከሱ በላይ ደግሞ የእጅ መዳፍ የምታክል ሰማይ ታየቻት። ከወደብ ጋር ልታመሳስላት ሞከረች። ካርቶኖቹ ሲታሸጉ፣ ኩዋባራና ዮሺኖቡ ስለ ባቡር ሲያወሩ፣ የመሠዊያው ትንሽ ደወል ከታች አንዴ ጥርት ብሎ ተሰማ። እናቷ እየጸለዩ ነው ብላ አሰበች። ደስም አላት፤ እናቷ ከቴትሱሮ ጋር መሰነባበታቸው ነው፣ ምናልባትም ከቤቱ ጋር።

ሲወርዱ ኩዋባራ ቀድሞ መሠዊያው ፊት ተንበረከከ። እጆቹን አጋጥሞ ጎንበስ አለ። ቀና አለ፤ ግን አልተነሳም። ሳዋኮ ከኋላው ቆማ፣ ለማያውቀው ሰው እንዲህ የሚጸልይ እንዴት ያለ ጨዋ ነው ስትል አሰበች። ከዚያ በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። ሳጥኑ ተከፍቷል። ዲስኩ ከቦታው ወጥቶ፣ ከሩዙ አጠገብ፣ በሻይ ሳህን ላይ እንደ ዓሣ ቁራጭ ቀርቧል። መቀነቷ መሃል ለመሃል ተቆርጣለች። የልብስ ስፌት መቀሱ እዚያው አጠገቡ ተጋድሟል። ላስቲኩ የለም።

እናቷ በወጥ ቤቱ በር ላይ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ቆመዋል። «ዛሬ የሚሄድበት ቀን ነው» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም። «ላስቲኩ ሳይነሳለት እንዴት ይደርሰዋል? ሙት ጥፍር የለውም።»

የአባታቸው መቃብር ላይ ቢራ ሲያኖሩም ቆርቆሮውን ከፍተው ነው፤ ሲጋራውንም ለኩሰው ነው። ደንቡ ነው፤ አንዲት እናት ለልጇ ደንቡን አደረሰች ተብላ በማን ፊት ትከሰሳለች?

«አሁን ስንት ነው?» አለ ዮሺኖቡ።

ኩዋባራ ሳጥኑን በሁለት እጁ አንስቶ የመቀነቷን ሁለት ጫፎች አገጣጠማቸው፤ ሲለቃቸው ተለያዩ። «ዘጠና ሺህ» አለ። ከዚያ የቆረጠው እሱ ይመስል ለሳዋኮ ግንባሩ ሰሌኑን እስኪነካ ዝቅ አለላት።

ዮሺኖቡ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ሳዋኮ ከመዳፉ ሥር ብስጭት ይወጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ የወጣው ግን ሸክም የወረደለት ሰው ፊት ነው። «እንግዲህ ውሃ በላው፤ ምን ይደረጋል» አለ። «ዞሮ ዞሮ እማን ከቤቷ ማውጣቱም ነውር ነበር። ሰው ምን ይለናል? በቃ፣ እንደ ድሮው ነው። አይደለም ሳዋኮ?»

«ይሄ አይሸጥም» አለች ሳዋኮ።

«ዘጠና ሺህ እኮ ነው!»

«አይሸጥም አልኩ።» ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ዲስኩን በጠርዙ ይዛ ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው፤ ክዳኑ ሲገጥም ቀጭ አለ። ካርቶኖቹ አንድ በአንድ ከደጅ ወጥተው መኪና ላይ ተጫኑ። የፎቁ ገንዘብ ለመቃብር ድንጋዩ ጽሕፈት ይሆናል ብሎ ዮሺኖቡ ወሰደው። በር ላይ ጫማውን እያሰረ «እማን አደራ» አላት፤ ክራቫቱ አሁንም ከኪሱ ወጥቶ ይወዛወዛል።

እናትና ልጅ ከዝቅተኛው ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ ይቆማል፣ መልሶ ያጉረመርማል። «ዮካኑን አውርጂውና ቁረጪልን» አሉ እናቷ። «መሠዊያው ነገ ይነሳል።» ሳዋኮ ቢላዋ ልታወጣ መሳቢያውን ሳበች። እናቷ መጠቅለያ አይጥሉም፤ የስጦታ ወረቀት፣ ክር፣ ጎማ፣ ሁሉም ተስተካክሎ ከቢላዋዎቹ ጎን ይቀመጣል። ከሁሉ በላይ፣ ለአራት ታጥፎ፣ የሃያቴ ሪንግ ላስቲክ ተቀምጧል። ሳዋኮ አየችው፤ አልነካችውም። ሄዳ ዮካኑን አወረደች። ሐምራዊው ወረቀት ሲመጣ እንደነበረው ነው፤ ማጣበቂያው አልተላጠም፤ የአክስቷ ስም ያለበት ቁራጭ እንኳ አልተነሳም። መሠዊያው ፊት እንደቆመች ወደ እናቷ ዞረች።

«እማ።»

«እህ።»

«ይሄስ? ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እዚህ ነበር። ወረቀቱ አልተነሳም። ይሄ አይደርሰውም ነበር?»

እናቷ ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ ጠረጉ። «እሱ ጣፋጭ አይወድም» አሉ።

ቴትሱሮ ዮካኑ ሁለት ጣት ውፍረት ከሌለው ሳህኑን ደረጃው ላይ መልሶ የሚያኖር ሰው ነበር። ሁለቱም ያውቃሉ። «የሚጫወትበት ዲስክ ፎቅ ላይ ነበር» አለች ሳዋኮ። «ድሮ የተከፈተው።»

«እኔ ፎቅ አልወጣም። ጉልበቴን ታውቂያለሽ።»

ሳዋኮ ተቀምጣ ወረቀቱን ላጠችው። ጣፋጩን ወፍራም አድርጋ ቆረጠችው፤ አንድ ለእናቷ፣ አንድ ለራሷ፣ አንዱን ፎቶው ፊት አኖረችው። በሉ። የእናቷ አገጭ ሲያኝክ በጣም ትንሽ ሆኖ ታያት፤ የሕፃን አገጭ ነው። ልትጮህባቸው የያዘችውን ቃል ሁሉ ከዮካኑ ጋር ዋጠችው። እናቷ ሻያቸውን ፉት አሉ።

«እዚያ ወንዝ ዳር፣ የክፍልሽ በር ላይ ስምሽን ጽፈው ይለጥፉብሻል አሉ» አሉ፤ ዓይናቸው ከፍንጃሉ አልተነሳም። «እንደ ልጅ ካሴት።»

በዚያ ቀን እውነት የተነገረው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሳዋኮ ሳህኖቹን አነሳች፣ አጠበች፣ አደረቀች። ከዚያ ሳጥኑን ይዛ ወደ ፎቅ ወጣች።

ክፍሉ ባዶ ነው። መደርደሪያዎቹ እንደ ጎድን አጥንት ቀርተዋል። «ቴትሱ» የሚሉት ካሴቶች ጥግ ላይ እንደተከመሩ ናቸው፤ መሪውም ቆዳው ተልጧል ተብሎ ከነጠረጴዛው ቀርቷል። መጋረጃውን እስከ ዳር ከፈተችው፤ ፀሐይ ያን ሁሉ ዓመት ተከልክላ የቆየችበት ሰሌን ላይ ገባች፤ የምታበላሸው ነገር አልነበረም። ሳዋኮ የወንድሟ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ግራ እጇ ሳታስበው መሪው ላይ አረፈ፤ ጣቶቿ የተላጠውን ቦታ አገኙት፤ ልካቸው ነበር። ስልኳን አወጣች። አልመጣም ልትል ነበር፤ ቃሉን ሳህን ስታጥብ አዘጋጅታዋለች፤ ስላስቸገርኩ ይቅርታ፣ የቤት ጉዳይ ገጥሞኝ ነው።

«ሀሎ፣ ማን ልበል?» አለች ከባሕሩ ማዶ አንዲት ሴት።

«ሳዋኮ ነኝ። ስለ ወጥ ቤቱ ሥራ።»

«እህ፣ እየጠበቅንዎት ነበር። የእናትዎ ነገር ተስተካከለ?»

ታች፣ የሩዙ ሣጥን ክዳን ሲከፈት ተሰማት። ቢላዋው የለም፣ ውሃው አልተከፈተም፤ ቤቱ ሁሉ ጆሮ ሆኗል።

«አልተስተካከለም» አለች ሳዋኮ። «ግን እመጣለሁ። ሰኞ።»

ስልኩን እንደዘጋች፣ ልጆች ወደየቤታችሁ ግቡ የሚለው የአስራ አንድ ሰዓቱ ዜማ ከመንገዱ ድምፅ ማጉያ ፈሰሰ። ለዮሺኖቡ ባቡሩ ውስጥ ሳለ ትደውልለታለች፤ ይጮኻል፤ ይጩህ። እጇ መሪውን አልለቀቀም። ዜማው አለቀ።

«ሳዋኮ!» አሉ እናቷ ከታች። «ሩዙን ለስንት ሰው ልጠብ?»

በዕድሜዋ ይህን ጠይቀዋት አያውቁም። ሳዋኮ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዛሬ ለሁለት!» ብላ ጮኸች። «ከሰኞ ወዲያ ለአንድ!»

መስፈሪያው ሩዙ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ሰማችው፤ አንድ። ደግሞ ሲገባ፤ ሁለት። ከዚያ ቆመ፤ ሳዋኮም ጠበቀች። መስፈሪያው መልሶ ሩዙ ውስጥ ገባ፤ ሦስት።